ሁለተኛው ሲሊንደር

እጅጉ መካኒክነትን የተማረው ታንክ ሆድ ውስጥ ነው። በሰማንያ ሦስቱ ግንቦት ጦሩ ሲበተን ሦስት መፍቻና አንድ ካቻቢቴ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በእግሩ ጎጃም ገባ። አዲሶቹ ጌቶች ዝም ብለው አላሳለፉትም። ማሠልጠኛ አስገብተው ጨቋኝን ሲያገለግል እንደኖረ ስድስት ወር ሙሉ አስረዱት፤ ሲበቃቸው ከእንግዲህ በነጻነት መጨቆን የሚችል ዜጋ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ማኅተም መትተው ሰጡት። ወረቀቷ ወፍራም ስለነበረች ለአንድ አይሱዙ የነዳጅ ፖምፓ ጥሩ ጋስኬት ወጣት።

ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ መውጫው ላይ፣ ቆርቆሮ ዘርግቶ ጋራዥ ከፈተ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ በቆሎ ያጎበጣቸውን አይሱዙዎች፣ የወፍጮ ሞተሮችን፣ ከቆጋ መስኖ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭነው የሚመጡ የውሃ ፓምፖችን ሲፈታና ሲገጥም ኖረ። የሚናገረው ጥቂት ነው። ማንኛውም ማሽን ሲመጣለት የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ መቼ ጀመረው? መቼ ይብስበታል? ማን ነካው? ሦስተኛውን ጥያቄ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ይጠይቀው ነበር፤ እጅጉ ግን ለመጠገን ብሎ ከሚጠይቁት ጥቂቶች አንዱ ነበር።

የሁለት ሺህ አምስት ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ነጠላውን አጣፍቶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ አንዲት ፒክአፕ ጋራዡ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ክላሽ ያንጠለጠለው ይርሳው ከላይ ዘለለ። ይርሳው የቡሬው ባለ መጋዘን የስመኘው ዘበኛ ነው።

«አያ እጅጉ፣ ዕቃህን ያዝና ግባ።»

«ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው፣ ይርሳው። ቁልፍ አልነካም።»

«የዛሬው ሚካኤል ጋሽ ስመኘው ነው። ግባ!» አለና የመሣሪያ ሣጥኑን ራሱ አንሥቶ ወረወረለት። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባዬን ይዘነዋል። ባትመጣ የሚከፋው ለሱ ነው።»

ባዬ የእጅጉ ሚስት የንግሥቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የስመኘው ሹፌርና መኪና አጣቢ። እጅጉ ነጠላውን እንዳጣፋ ገባ።

ስለ ስመኘው ጥቂት ማለት ግድ ነው። ሰውዬው ልማታዊ ባለሀብት ነበር። ልማታዊ ያልሆነው ባለሀብት ኪራይ ሰብሳቢ ይባላል፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ስም የሚያወጣው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ግምገማ ላይ ቁሞ ራሱን እያለቀሰ አጥብቆ ቢወቅስ፣ ጓዶቹ አዝነው የማዳበሪያውን ሥራ ሰጡት ይባላል። ከዚያ በኋላ ደረቱም መጋዘኑም ሰፋ። በመጨረሻም ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት የስፖርት መኪና በጅቡቲ አስመጣ። ከደብረ ማርቆስ ወዲህ እንዲህ ያለች መኪና አልነበረችም፤ እንዳትኖር ያደረገውም ምክንያት ግልጽ ነው። ሆዷ መሬት ስለሚነካ የቡሬን ኮብልስቶን እንደ ማረሻ እየፋቀች ትሄድ ነበር። እሱ ግን በስብሰባ ላይ የዕድገታችን ማሳያ እያለ ይጠራት ነበር።

ያች ዕድገት ከነሐሴ ጀምሮ ዳገት አልወጣ አለች።

መጋዘኑ ውስጥ ሲገቡ እጅጉ መጀመሪያ ያየው መኪናዋን አልነበረም። የበቆሎ ከረጢት የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ከጣሪያው ብረት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባዬ እጆቹ በጆንያ ገመድ ታስረው ከሚዛኑ መንጠቆ ላይ ተሰቅሏል። የእግሩ ጣቶች መሬቱን ነካ ለቀቅ ያደርጋሉ። ውስጥ እግሩ አብጦ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥሩ የፈሰሰው ደም ከበቆሎ ገለባ ጋር ተቦክቷል።

«ስድሳ ሁለት ኪሎ» አለ ስመኘው ወደ ሚዛኑ እያመለከተ። «ጠዋት ስድሳ ሦስት ነበር። እውነቱን እስኪያወጣ ይቀልላል።»

«ምን አደረገ?» አለ እጅጉ።

«አሻጥር! መኪናዬን አሳመማት። የባሕር ዳሩ መካኒክ ፖምፓ ለወጠ፣ ፊልትሮ ለወጠ፣ የብልሽቱን ኮድ አጠፋ፤ በሳምንቱ የሞተሩ መብራት ተመልሶ በራ። ማሽን በራሱ አይታመምም፣ ጠላት አለበት ማለት ነው። ጠላቱን ከሞተሩ ውስጥ ፈልቅቀህ አሳየኝ። ካጣኸው ሚዛኑ ሁለት ሰው ይችላል።»

እጅጉ ወደ ባዬ ጠጋ አለ። «ባዬ፣ ምን ነካችኋት?»

ባዬ ዓይኑን ጨፈነ። «አልናገርም፣ አያ እጅጉ።»

አላውቅም አላለም። አልናገርም ነው ያለው። ይርሳው በቀርከሃ ዱላ ባዬን ጀርባው ላይ ሲያሳርፍበት ሚዛኑ ተንቀጠቀጠ፤ ባዬ ግን ከንፈሩን ነከሰ።

«ቆይ!» አለ እጅጉ። «ልሥራ። እየተመታ ሞተር አይሰማኝም።»

ሣጥኑን ከፍቶ ስልክ የምታክለውን የኮድ ማንበቢያ አወጣና ከመሪው ሥር ሰካት። ቁጥሩ ወዲያው መጣ፤ ፒ ዜሮ ሦስት መቶ ሁለት። ሁለተኛው ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው።

«ማን እንዳደረገው ይላል?» ስመኘው በትከሻው ላይ አጎነበሰ።

«የታመመውን ይናገራል እንጂ ያሳመመውን አይናገርም።»

ስመኘው ቅር አለው። እሱ የለመደው ምርመራ የሚጀምረው ከጥፋተኛው ስም ነበር።

«መቼ መቼ ይብስባታል?» አለ እጅጉ።

«በወሩ አጋማሽ። ሳምንት አሥር ቀን ታስለቅሰኝና ይሻላታል። ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ ግን ጨርሶም አልተዋት። ጠዋት ደህና ትነሣለች፤ ሞቃ ዳገት ስትይዝ ጉልበቷ ይከዳታል።»

«ማን ይነካታል?»

«ከዚህ ውሻ በቀር ማን ይነካታል!»

እጅጉ መኪናዋን ራሱ ሊሰማት ፈለገ። ወደ ማንኩሳ መንገድ ወጡ። ስመኘው ሽጉጡን ጭኑ ሥር አድርጎ ይነዳል፤ እጅጉ መስኮቱን ከፍቶ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አስግጓል። ሜዳው ላይ መኪናዋ በረረች። ዳገቱ ሲጀምር ስመኘው ነዳጁን ረገጠ፤ ያኔ ቢጫው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም አለ፣ መኪናዋ እንደ ደነገጠች በቅሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንዘፈዘፈችና ጉልበቷ ጥሏት ሄደ። ከኋላቸው የነበረ አይሱዙ፣ ሕዝቡ አልቃይዳ እያለ የሚጠራው ዓይነት፣ ጡሩንባውን እየነፋ ደረሰባቸው። በጸጉር ስንጥቅ ሲያልፋቸው የስመኘውን ስፖኪዮ ገንጥሎት ሄደ።

ስመኘው መኪናዋን ጥግ አስይዞ ወረደ። አይሱዙውን ሊያገኘው ስለማይችል ያገኘውን ያዘ። እጅጉን በነጠላው ጎትቶ አወጣና በሽጉጡ ሰደፍ ግንባሩን መታው።

«ልታስጨርሰኝ ነው? ከሚስትህ ወንድም ጋር ዶልተህ?»

እጅጉ መሬት ላይ ተቀምጦ ደሙን በነጠላው ጠረገ። ነገር ግን ሰምቷል። ሞተሩ ከመንዘፍዘፉ በፊት፣ ከኮፈኑ ሥር፣ ደረቅ ጭራሮ እንደሚሰበር ያለ ቀጭን ድምፅ። የካንዴላው ብልጭታ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ትቶ ወደ ጎን እያመለጠ ነበር። እንዲህ የሚያመልጠው ደግሞ የሚመራው እርጥብ ነገር ሲያገኝ ነው።

«ይመለሱ፣ ጌታዬ» አለ። «ያገኘሁት ይመስለኛል።»

መጋዘኑ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ የላይኛውን ሽፋን ፈታ። ለሁለተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ብልጭታ የሚሰጠውን ኮይል ሲመዘው እንደ ጥርስ እየተንቋቋ ወጣ፤ ዙሪያውን ነጭ ጨው በልቶታል። ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ እስከ ወገቡ ውሃ ይዟል።

«ይኸው» አለ እጅጉ፣ በመካኒክ ደስታ። «ውሃ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ...»

አልጨረሰም። ይህን ሲናገር ማንን እንደሚገድል የገባው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ዝናብ ካቆመ ሰንብቷል። መኪናዋን የሚያጥባት ባዬ ነው።

«ውሃ!» ስመኘው ሳቀ። «አጣቢው! ውሃ ጨመረባት!» ከእጅጉ ሣጥን ትልቁን መፍቻ አነሣና በሁለት እርምጃ ደረሰ። የመጀመሪያው የባዬን ጎድን አገኘው፤ ድምፁ ተሰማ። ሁለተኛው ጆሮው ላይ አረፈ። ባዬ እንደ ከረጢት ዞረ።

እጅጉ ስመኘውን ከኋላ አንገቱን አነቀው። ይርሳው በክላሽ ሰደፍ ወገቡን ብሎ ጣለው፤ ስመኘው ጎትቶ አስነሣውና ቀኝ እጁን ሞተሩ አፍ ላይ አስቀምጦ ኮፈኑን በሙሉ ክብደቱ ጣለበት። እጅጉ ጮኸ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብሎን የሚፈታው በግራ እጁ ነው፤ ሁለቱ ጣቶቹ ዛሬም አይታጠፉም።

ኮፈኑ ሲነሣለት ግን አልሸሸም። እንደዚያው እያቃሰተ ግራ እጁን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። ጣቱ ግራጫ ጭቃ ይዞ ወጣ።

«ይርሳው» አለ። «አንተ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነህ። ና፣ ይህን ዳስሰው። የማጠቢያ ውሃ እንዲህ ያለ ነገር አለው?»

ይርሳው ጌታውን ሳያስፈቅድ ጣቱን ነከረ፣ በሁለት ጣቶቹ አሸው፣ አሸተተው። ከዚያ ሳያስበው እጁ ከፍ ብሎ ግንባሩ ላይ መስቀል ሠራበት። አመዱ ቀርቶ ታየ።

«እምነት ነው» አለ በሹክሹክታ። «ጠበልና እምነት።»

ስመኘው የይርሳውን ግንባር አፍጥጦ ያያል። በየወሩ በአሥራ ሁለት ከግቢው ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ወጥታ ጠበል ሞልታ የምትመለሰው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ለዚህ ኮድ ማንበቢያ አያስፈልግም።

እሳቸውም ከክብረ በዓሉ እየተመለሱ ነበር። የስመኘው እናት እማሆይ ታንጉት ቆባቸውን አድርገው፣ ጀሪካናቸውን ይዘው፣ ጩኸቱን ሰምተው በመጋዘኑ በር ገቡ። መጀመሪያ የተከፈተውን ሞተር አዩ። ቀጥለው ሚዛኑን።

«ባዬ?» አሉ። «ኧረ ልጄ! ምን አደረጉህ?»

ባዬ አንድ ዓይኑን በጭንቅ ገለጠ። «አልተናገርሁም፣ እማሆይ።»

ጀሪካኑ ከእጃቸው ወደቀ። «እኔ ነኝ!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «እኔ ነኝ ያፈሰስሁባት። ዓይን በዛባት። አገሩ ሁሉ እያፈጠጠ ያያት የለም? ነሐሴ ላይ ባዬ ኮፈኑን ከፈተልኝና አንድ ጣሳ አፈሰስሁ። ሕመሙ ሲነሣባት በሚቀጥለው ወር ሁለት አደረግሁት። በጥቅምት ደግሞ እምነት በጥብጬ ሦስት። አንተ ኋላ ቀር እያልህ ስለምታንጓጥጠኝ፣ ለስመኘው ትንፍሽ እንዳትል ብዬ በሚካኤል ገዘትሁት!»

«እማ...»

«እማ ብሎ ጠሪ!» የይርሳውን ዱላ ከእጁ መንጭቀው ልጃቸውን ትከሻው ላይ አወረዱበት። ደገሙት። ሦስተኛው አናቱን ፈነከተው። ይርሳው ጣሪያውን ያጠና ጀመር። ስመኘው ሽጉጡ ወገቡ ላይ እያለ፣ እጆቹን አጣጥፎ፣ ደሙ ወደ ኮሌታው እየወረደ ቆመላቸው። በዕድሜው የደረሰበት ብቸኛ እውነተኛ ግምገማ ይህ ነበር፤ ለዚህኛው ግን ዕንባ አልወጣለትም።

«ፍቱት!» አሉ እማሆይ እያለከለኩ። «ባዬ፣ ፈትቼሃለሁ ልጄ። ከግዝቱም ፈትቼሃለሁ።»

ይርሳው ገመዱን ቆረጠ። እጅጉ በደህናው እጁ ተቀበለው። በሩ ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው ተኩስ ተሰማ። ስመኘው የይርሳውን ክላሽ ነጥቆ እናቱን መምታት ስለማይችል የዕድገታችንን ማሳያ ሞተሯ ላይ ይደበድባታል። አንዱ ጥይት ነጥሮ የበቆሎ ከረጢት ቀደደ፤ እህሉ ተንዠቀዠቀ። ማንም ዞሮ አላየውም።

ወደ ጤና ጣቢያ በሚወስዳቸው ባጃጅ ውስጥ ባዬ በእጅጉ ጭን ላይ ተጋደመ። ከጆሮው ደም ይወርዳል፤ ዓይኑ ወደ ላይ እየሄደ ይመለሳል። እጅጉ በግራ መዳፉ ጉንጩን ጠፈጠፈው።

«እንዳትተኛ! ለኔ እንኳ አትነግረኝም ነበር?»

«ተገዝቼ...»

«ሊገድልህ ነበር እኮ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«መሞትስ ማንም ይሞታል። ተገዝቼ ብሞት ማን ይፈታኛል?»

ጭንቅላቱ ዘንበል አለ። እጅጉ ከበፊቱ አጥብቆ በጥፊ መታው። «ተናገር! አሁን ተፈትተሃል፣ ተናገር! ኮፈኑን ማን ከፈተ?»

«እኔ...»

«ከዚያስ?»

«እሳቸው ጣሳውን ያዙ... እኔ ዞር አልሁ... ሞተሩ ትኩስ ነበር፣ እማሆይ ይቀዝቅዝ ብላቸው...»

«ምን አሉህ?»

ባጃጁ የቡሬን ኮብልስቶን እያንገጫገጨ ይሮጣል። በቆመ ቁጥር፣ ባዬ ዝም ባለ ቁጥር፣ እጅጉ ይመታዋል፤ ባዬም ይናገራል። የነሐሴውን ጨርሶ የመስከረሙን ጀመረ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሷ አልጋ እየገፋች ስትወጣ፣ ባዬ የጥቅምቱን ሦስተኛ ጣሳ እየተናገረ ነበር።