ምጽዋ ላይ የዋሸሁት

ባለቤቴን ምጽዋ ይዣት የሄድኩት በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ያኔ ዳንግላ መምህር ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ምጽዋ ወደብ ተቀጥሮ፣ እዚያው ሚስት አግብቶ ይኖር ነበርና የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ ሲል ኑልኝ ብሎ ላከብን። ወሩ ጥር ነበር፤ ትምህርት ቤቱም ለዕረፍት ተዘግቷል።

ባለቤቴ ከቆሰበር ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ያደገች ናት። ከቤተሰቧ ጋር በአዊኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ትነጋገራለች። ሰው ፊት «እርስዎ» ትለኛለች፣ ብቻችንን ስንሆን «አንተ»። ከዚያ በፊት ከጫግኒ አልፋ አታውቅም። እንሄዳለን ስላት የባሕሩ ማዶ ይታይ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ አይታይም አልኳት። እኔም አይቼው አላውቅም ነበር።

በባሕር ዳርና በጎንደር አድርገን አስመራ ለመድረስ አራት ቀን ፈጀብን። አውቶቡሱ ሊማሊሞን ሲወርድ ግማሹ ተሳፋሪ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ እሷ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ገደሉን ታይ ነበር። ከአስመራ ሊቶሪና በሚሏት ባቡር ወረድን። ጉሙ ከኋላችን ቀረና ሙቀቱ መጣ፤ ጋቢዋን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ከክርስትናው በማግስቱ ወንድሜ ጉርጉሱም ወደሚባለው የመዝናኛ ዳርቻ ወሰደን። ከአስመራ የወረዱ ሰዎች ቤተሰባቸውን ይዘው በየጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ሴቶቹ በዋና ልብስ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። የወንድሜ ሚስት ለባለቤቴ ስስ ቀሚስ ይዛላት መጥታ ነበር፤ ይኼን ለብሰሽ ከእኔ ጋር ግቢ አለቻት። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች።

«እስከ ጉልበቴ ብቻ ልግባ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ከጎናችን ካለው ጥላ ሥር ከዚያ በፊት ባሕር ዳር ከተማ ስብሰባ ላይ የተዋወቅኳቸው ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል። ቀሚሷ ረጥቦ ገላዋ ላይ ተጣብቆ ሲያዩአት፣ ወሬውም ዳንግላ ሲደርስ ታየኝ። አይሆንም እንዳልላት ደግሞ የወንድሜ ሚስት ኋላ ቀር እንዳትለኝ ፈራሁ። ለጠየቀችኝ ሳልመልስ ወደ ወንድሜ ሚስት ዞርኩ።

«ተያት፣ ውሃ ትፈራለች» አልኳት።

ውሸት ነበር። ክረምት ወንዝ ሲሞላ የሰፈሩን ሴቶች እጃቸውን እየያዘች የምታሻግር እሷ እንደነበረች እናቷ ነግረውኛል። ነገር ግን ባሏን ሰው ፊት የምታስተባብል ሴት አልነበረችም። የወንድሜ ሚስትም አምናኝ፣ አይዞሽ እያለች ትከሻዋን ደባበሰቻት።

ይባስ ብዬ እኔ ራሴ ገባሁ። ወንድሜ ቁምጣ አውሶኝ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስንንቦጫረቅ ዋልን። እሷ ኮቴንና ጫማዬን ታቅፋ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ታየናለች። ስወጣ ውሃው ሰውን ወደ ላይ ያነሣል የሚባለው እውነት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ ብያት ፀጉሬን ማድረቅ ቀጠልኩ።

ዳንግላ ከተመለስን በኋላ ነገሩን ጨዋታ አደረግኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ሚስቴ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ባሕሩ አፍ ላይ ስትደርስ ፈርታ ተመለሰች እያልኩ አስቅበታለሁ። እሷም ምግብ እያቀረበች ፈገግ ትላለች። ልጆቻችን ይህን እየሰሙ አደጉ። በሌላ ዓመት እወስድሻለሁ ስላት እሺ ትለኛለች። አንድ ዓመት ልጅ ሲታመም፣ አንድ ዓመት ሥራ ሲለወጥ፣ በኋላም በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ ተዘጋና ሳንሄድ ቀረን።

ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል በጀመርኩ ጊዜ፣ አንድ ቀን ድንች ስትልጥ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ያን ቀን ባሕሩ እንዳትገቢ ማድረጌ ይቆጨኛል አልኳት። እጇን አላቆመችም።

«ውሃውንስ ረስቼዋለሁ» አለችኝ። «ትፈራለች ያልከውን ግን ልጆቼም አመኑህ።»

ለፋሲካ ልጆቹ ሲሰበሰቡ፣ እሷ ባለችበት፣ እናታችሁ ፈርታ አልነበረም፣ የከለከልኳት እኔ ነኝ ብዬ ነገርኳቸው። ትልቋ ልጃችን ጨዋታውን በሌላ መልክ ያመጣሁት መስሏት ሳቀች። ወንዶቹ ያለፈ ነገር ነው አባባ፣ ምን ያስጨንቅሃል አሉኝ። እናታቸው ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከትያት ወጥቼ አጠገቧ ቆምኩ፤ ጎመኑን እያየን ብዙ ቆየን። ይቅር ብላኝ እንደሆነ መጠየቅ ፈልጌ ሳልጠይቅ ተመልሰን ገባን።

ከዚያም በኋላ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ጥያቄው ስንት ቀን አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ሳልጠይቃት ሞተች።