ገመዱን የሸፈኑልን አጎት

ትናንት ሳሎኔ ውስጥ ካስገጠምኩት የግድግዳ መብራት ሥር ጥቁር ገመድ እስከ ሶኬቱ ተንጠልጥሎ ወርዷል። ባለሙያው "ግድግዳውን ቦርቡሬ ልቅበረው ወይስ የፕላስቲክ መሸፈኛ ላድርግበት?" ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ሰውየው ደንግጦ አየኝ። እኛ ቤት ገመድ የሚሸፈነው በሰው እንደነበር ምን ብዬ ላስረዳው?

ያኔ የምንኖረው መርካቶ ጥግ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ክረምት ሲገባ ቤቱ በሙሉ እርጥብ ጭድ ጭድ ይሸታል። የተሸካሚዎቹ "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" ጩኸት ሳያንኳኳ ሳሎናችን ድረስ ይገባ ነበር።

ታላቅ እህቴን ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው፤ ልጁም ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆረጠ። እናቴ ይህን ስትሰማ በቀጥታ ሄዳ ሁለት የግድግዳ መብራት ገዝታ መጣች። ሲበሩ ሳሎኑን ብርቱካንማ የሚያደርጉ፣ ጽጌረዳ የመሰለ ብርጭቆ ያላቸው ነበሩ። አባቴ ሰቀላቸው። ማማሩንስ አማሩ፤ ግን ከእያንዳንዳቸው ሥር ነጭ ገመድ ተንዘላዝሎ ወረደ።

"ምንድነው ይሄ? አንጀቱ የወጣ በግ አስመሰልከው እኮ!" አለችው እናቴ።

መቦርቦር አይታሰብም፤ አንድ ምስማር ሲመታ አንድ አካፋ ጭቃ የሚወርድ ቤት ነው። የአንደኛውን ገመድ በቁም ሳጥኑ ጀርባ አሳለፍነው። ሁለተኛው ግን ከሶፋው በላይ በግልጽ ይታይ ነበር። እናቴ ፎቶ ደርድረን እንሸፍነው አለች። የእሷንና የአባቴን የሠርግ ፎቶ ሰቀልን፣ የአባቴን ጉርድ ፎቶ ሰቀልን፣ እኔ ክርስትና የተነሳሁበትን ሳይቀር ሰቀልን። አንድ ክንድ ያህል ገመድ ሲቀር ዘመድ አለቀብን።

ምናለሽ ተራ ሄጄ አሮጌ ፍሬም እንድገዛ የተላክሁት እኔ ነኝ። ሻጯ ሴትዮ ፍሬሙን ከነሰውየው ሰጡኝ። ሰውየው ባርኔጣ ደፍተው፣ ሪዛቸውን አበጥረው፣ አንድ እጃቸውን ወንበር ላይ አሳርፈው ቆመዋል።

"እትዬ፣ ሰውየውን ላውጣቸው?"

"ተያቸው። ግርማ ሞገስ አላቸው።"

እናቴም ስታያቸው ወደደቻቸው። "እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ከኛ ዘር ይጥፋ!" አለችና ወደ አባቴ ዞረች። "የሚጠይቅ ካለ አጎትህ ናቸው።"

"የትኛው አጎቴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ያንተ አጎት አይደሉም እንዴ!"

አባቴ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ሆኖ "ይሄኛው ሲታጠብ ይለቃል" ብሎ ደንበኛ የሚያባርር ሰው ምን አጎት ይፈጥራል?

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ትልቁ የልጁ አያት ነበሩ። እናቴ ሁሉንም ነገር ስታሰላ አንድ ነገር ረስታለች፤ ሶፋው ላይ ቢቀመጡ ፎቶው ከጀርባቸው ይሆን ነበር፤ ሽማግሌ ግን ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። ሦስቱም ቆሙ፤ የቆሙትም ከሰውየው ጋር ፊት ለፊት ነው። አያትየው "ልጅዎን ለልጃችን..." ብለው ጀመሩና ዓይናቸው ፎቶው ላይ ቀረ።

"እኚህ ማን ናቸው?"

"አጎቴ ናቸው" አለ አባቴ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ጭራሽ "ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው" ብሎ ጨመረበት።

አያትየው በከዘራቸው ተደግፈው ተጠጉ። "ሰዓቱን በቀኝ እጁ ነው ያሰረው። ይሄ እኮ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና!"

እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወዲያው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። "የእርስዎ አጎት የሳቸው ወንድም ከሆኑ ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው። ሰባት ቤት ቀርቶ አራትም አይሞላ።"

"ጋሼ፣ የሩቅ አጎቱ ናቸው እኮ" አለች እናቴ።

"በእናት ነው በአባት?"

"በእናት" አለ አባቴ። "በአባት" አለች እናቴ፣ እኩል።

ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የእህቴ የታፈነ ለቅሶ ተሰማኝ። አሁን ስናገረው ያስቃል፤ ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ዝም ካልኩ የእህቴ ትዳር ፈረሰ፤ ከተናገርኩ አባቴ በእንግዳ ፊት ውሸታም ሆነ። ከነጫማዬ ሶፋው ላይ ወጣሁና ፍሬሙን ጎተትኩት። ምስማሩ ከፍሬሙ ጋር፣ ጭቃው ከምስማሩ ጋር መጣ። ነጩ ገመድ ሁሉም ፊት ተንዘላዘለ።

"ምናለሽ ተራ ነው የገዛኋቸው! ገመዱን እንዲሸፍኑልን ነው! አጎታችን አይደሉም፤ ማንም አይደሉም!"

ማንም አይደሉም ያልኩት የሰውን ወንድም መሆኑ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አያትየው ገመዱን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ ጫማቸው ላይ የወደቀውን ጭቃ አዩና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እንባው አላለቀም። የወንድማቸው ቤት ፈርሶ ዕቃው ሲበተን አንድም ፎቶ አልተረፋቸውም ነበር። ፍሬሙን ከእጄ ተቀብለው በጋቢያቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉ።

በወጉ ቢሆን አባቴ "ተመካክረን መልስ እንሰጣለን፣ ሌላ ቀን ኑ" ማለት ነበረበት። ከሀፍረቱ ብዛት ግን እዚያው በቁሙ "ሰጥቻለሁ" አለ። እናቴ እግሩን ረገጠችው፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሰጥቷል።

ሲወጡ አያትየው በር ላይ ቆመው "ዛሬ ሁለት ሰው ሰጡኝ እኮ" አሉት።

"እሳቸውስ የእርስዎው ነበሩ" አለ አባቴ። "እኔ የሰጠሁት አንዷን ነው።" ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ።

እስከዚያች ደቂቃ ትዳሩን አተረፍኩ ብዬ በደስታ ልዘል ነበር። ከእህቴ ጋር ከሕፃንነቴ ጀምሮ አንድ አልጋ ነበር የምንተኛው፤ ትዳሩ ከተረፈ የምትሄደው እሷ መሆኗ ያኔ ገና ተገለጠልኝ። ከጓዳ ስትወጣ ሮጬ ተጠመጠምኩባት። እጄ ጭቃ በጭቃ ስለነበር አዲስ ቀሚሷን አበላሸሁባት። በሌላ ቀን ቢሆን ትገድለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከነጭቃዬ አጥብቃ አቀፈችኝ።