ግድግዳችን ላይ የሰቀልነው ሎርድ

ኮሮና በገባበት ዓመት ከአንድ የሆሳዕና ልጅ ጋር ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ እንሠራ ነበር። ስፓዛ የሚባለው የሰፈር ሱቅ ነው፤ ከፊት በብረት ፍርግርግ በኩል ዳቦና ወተት ይሸጣል፣ ከጀርባ ባለሱቆቹ ይኖራሉ። የእኛ የጀርባ ክፍል ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮትና እርጥበት የበላው አንድ ረጅም ግድግዳ ነበራት። ቀለም ብንቀባው በሁለት ሳምንት ያብጥና እንደ ፓፓያ ይላጣል።

ባልደረባዬ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ የምለው ግን ላናድደው ስፈልግ ብቻ ነበር። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ የአዲስ አበባ ኦርቶዶክስ። እሱ ካልሲውን አጥፎ ያስቀምጣል፣ እኔ የዳቦ ካርቶን ላይ ግጥም ጽፌ ካርቶኑን እጥላለሁ፣ ከዚያ ስፈልገው እውላለሁ።

ሰው ሁሉ ቤቱ እንዲቀመጥ በታዘዘበት ሰሞን እኛ ምግብ ስለምንሸጥ ክፍት ነበርን። ደንበኛ ተራርቆ እንዲቆም መሬቱን በቀለም ምልክት አደረግንበት፤ ሳኒታይዘሩን በሲባጎ ከፍርግርጉ ጋር አሰርነው። መጠጥ መሸጥ ሲከለከል የሰፈሩ ሰው በሙሉ ድንገት ዳቦ ጋጋሪ ሆነና እርሾ ከመደርደሪያ አልበረክት አለ። በአገሩ ቋንቋ ጎጎ፣ አያቴ፣ የምንላት አንዲት አሮጊት ደንበኛችን አናናስ ታቅፋ ትመጣለች።

"ማይ ፍሬንድ፣ እርሾ አለ?"

"ጎጎ፣ ዛሬም ዳቦ ነው?"

"የአናናስ ዳቦ ነው" ትለኛለች፣ ጭምብሏ ሥር እየሳቀች፤ አናናስ በእርሾ ሲቦካ ቢራ ይሆናል።

ሥዕሎቹን ያገኘናቸው ዕቃ ልናመጣ ከተማ የወጣን ቀን ነው። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጭ ሽማግሌ ሱቁን ጨርሶ ሊዘጋ ስለነበር መደርደሪያ ከእሱ ገዛን። መኪናው ላይ ስንጭን አንድ ከባድ ካርቶን ጨመረልን። "ሎርዱንም ውሰዱልኝ፤ እሱን የሚጠይቅ ደንበኛ ከሞተ ቆየ" አለ። ካርቶኑ ውስጥ ሰባት ሥዕል በመስታወትና በጥቁር ፍሬም፣ አንድ ደግሞ እንዲሁ ወረቀት ብቻ ነበር። ሁሉም የአንድ ሰው ናቸው። ሽማግሌው እንደነገረን ሰውዬው በድሮ ዘመን ከነበሩ የእንግሊዝ መኳንንት አንዱ ነው፤ ማዕረጉን ከአባቱ ወርሶ ብዙ ዓመት ሚኒስትር ሆኗል። ያኔ ፎቶ ስለሌለ ሠዓሊ በቀለም የሳለውን ሌላ ባለሙያ መዳብ ላይ ይቀርጸዋል፣ ከመዳቡ ላይ እየታተመ ይሸጣል። የፈለገ ሰው ገዝቶ ሳሎኑ ይሰቅላል።

ደንበኛ በሌለ ሰዓት አልጋው ላይ ደርድሬ አያቸው ነበር። መውጫ ስላልነበረ እግሬን የማፍታታው ከሎርዱ ወጣትነት እስከ ሎርዱ እርጅና በመመላለስ ነው። በወጣትነቱ ካባ ለብሶ ከአንድ ምሰሶ አጠገብ ቆሟል፤ ከኋላው ግዙፍ መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ኋላ ሰማይ። ቤት ይሁን ሜዳ አይታወቅም። እኛ ሰፈር የነበረው ፎቶ ቤትም ፏፏቴና አውሮፕላን የተሳለበት ጨርቅ ነበረው፤ መርካቶን አልፎ የማያውቅ ሰው ሁሉ አውሮፕላን ሥር ቆሞ ይነሳል። የሎርዱ መጋረጃ ያው ጨርቅ መሰለኝ። በጎልማሳነቱ ወረቀት ላይ እጁን አሳርፏል፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ፊደል የለም። በአንደኛው ፓርላማ ቆሞ ቀኝ እጁን አንስቶ ይናገራል፤ በሌላው ፈረስ ላይ ነው፣ በመጨረሻው ወንበር ላይ ሸብቶ ተቀምጧል፣ ውሻውም አብሮት ሸብቷል። አፍንጫው ግን በሰባቱም ቀጥ ያለ ነው።

እውነተኛውን አፍንጫ ያገኘሁት ፍሬም በሌለው ወረቀት ላይ ነው። ሰዎች እንዲስቁበት የተሳለ ነው፤ ሎርዱ እግሩ እንደ ሽመላ ቀጥኖ፣ አፍንጫው እስከ አገጩ ወርዶ ኩሬ ውስጥ ቆሟል። ሰባቱ ሠዓሊዎች ለጋብቻ ስለ ልጁ ጥሩ ጥሩውን ለመናገር እንደተላኩ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ስምንተኛው ጎረቤት ነው። ባልደረባዬ ይህን አልወደደውም። "ትልቅ ሰው ነው፣ አታዋርደው" ብሎ አልጋው ሥር ከተተው።

የሽማግሌ ነገር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባልደረባዬ ሊያገባ ነበር። ልጅቷ የአገሩ ልጅ ናት፣ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ ተዋውቀዋል። በፋሲካ ሄዶ ሊያገባት ትኬት ቆርጦ ሳለ አየር ማረፊያው ተዘጋ። ቢሆንም አጎቱና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እሷ ቤት ሊሄዱ ተስማሙ። አባትየው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጃቸው የምትኖርበትን ቤት በቪዲዮ ማየት።

ሁለታችንም ግድግዳውን አየነው። ሎርዱን እንስቀለው ያልኩት እኔ ነኝ።

እሑድ ከሰዓት ሱቁን ዘግተን ጠበቅን። ሰባቱ ሥዕሎች እርጥበቱን አንድ በአንድ ሸፍነውታል፤ ባልደረባዬ ሱፍ ከላይ፣ ቁምጣ ከታች ለብሷል። ስልኩ ጠራ። አጎትየው ስልኩን ሲይዙ ግማሹን ካሜራ በአውራ ጣታቸው ስለሸፈኑት ግማሽ ሽማግሌ፣ ግማሽ ጣት ይታየናል። ጸሎት ተደረገ፣ ጤና ተጠያየቅን።

"እስቲ ቤትህን አሳየን ልጄ" አሉ አባትየው።

ስልኩን ቀስ አድርጎ አዞረው። ከዚያኛው በኩል ድምፅ ጠፋ። ተደንቀው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

"እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?"

"የትኛው፣ አባባ?"

"ሁሉም። አንድ ሰው አይደሉም እንዴ? እነዚያ ካባ የለበሱት፣ እጃቸውን እንዲህ ያደረጉት።" እጃቸውን አንስተው አሳዩ። "ደረታቸው ላይ ያለው ኮከብ ምንድን ነው?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጠገባቸው ለተቀመጡት ሲያንሾካሹኩ ሰማናቸው፤ "ሥዕል ነው። ልጁ ሥዕል ሰቅሏል።"

እኔ የቅዱሳን ሥዕል የሞላበት ቤት ያደግሁ ሰው፣ ካባና የተነሳ እጅ ለጴንጤ ሽማግሌ ምን እንደሚመስል አንዴም አላሰብኩም። አባትየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጌታን የሚያውቅ ልጅ ነው ብለውን ነው በር የከፈትነው። ለማን እንደምትጸልይ ዛሬ ገና አየን።"

ላብ ከባልደረባዬ ግንባር ወደ ሱፉ ኮሌታ ሲወርድ አየሁ። አንድ ዓመት ያጠራቀመው ነገር በእኔ ሐሳብ ሊፈርስ ነው። ስልኩን ተቀበልኩት።

"አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"አንተ ደግሞ ማን ነህ?"

"አብሬው የምኖር ነኝ።"

"ሃይማኖትህ?"

"ኦርቶዶክስ።"

"ይኸው መጣ" አሉ ሽማግሌው።

"ቅዱስ አይደለም፣ አባባ። የእንግሊዝ ሚኒስትር ነበር።"

"ሚኒስትር ሰባት ቦታ ይሰቀላል? መሥሪያ ቤት እንኳ መሪው የሚሰቀለው አንዴ ነው።"

አልጋው ሥር ገብቼ ያንን ወረቀት አወጣሁና ካሜራው ላይ ለጠፍኩት። አባትየው መነጽራቸውን አደረጉ። አጎትየው ለማየት ሲያጎነብሱ ጣታቸው ተነሳ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ሙሉውን ታየን።

"ያው ሰውዬ ነው?"

"ያው ነው፣ አባባ።"

"እግሩ ምን ሆኖ ነው?"

"ጠላቶቹ ናቸው የሳሉት።"

አጎትየው መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ አባትየው። ሽማግሌው ሳቃቸውን ብዙ ታገሉ፣ በመጨረሻ "ቅዱስን እንዲህ አድርጎ የሚስል የለም" ብለው አመኑ።

ያኔ ከኋላ የሴት ድምፅ መጣ። "ስልኩን ስጡኝ።"

ከጤና ጣቢያ እንደመጣች ነው፤ ጭምብሏ አገጯ ላይ ነው፣ ሲታሰር የዋለው ጉንጯ ላይ መስመር ሠርቷል። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየች።

"ከጀርባቸው ምን አለ?"

"ግድግዳ" አለ ባልደረባዬ።

"አውርዳቸው።"

"አሁን?"

"አሁን።"

እኔ ስልኩን ያዝኩ፣ እሱ ከወጣትነት ጀምሮ እያወረደ አልጋው ላይ ደረደረ። ካባው ሲነሳ እርጥበቱ ታየ፣ ፈረሱ ሲነሳ የተላጠው፣ ወንበሩ ሲነሳ ሻጋታው። ሲጨርስ ከባዶው ግድግዳ ፊት ቆመ፤ ቁምጣውም አብሮ ታየ።

"እርጥበት ነው" አለ። "ሦስት ጊዜ ቀባነው፣ ቀለም አይይዝም። ያ የእሱ አልጋ ነው፣ ይሄ የእኔ። አንቺ ስትመጪ እሱ ይወጣል።"

እንደምወጣ የሰማሁት እኔም ያኔ ነው።

ልጅቷ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። "መስኮቱ በየት በኩል ነው?"

"በምሥራቅ።"

"ጠዋት ፀሐይ ይገባል?"

"የጎረቤት ግንብ እስኪከልለው ይገባል።"

"ከመስኮቱ እስከ በሩ ስንት እርምጃ ነው?"

ባልደረባዬ ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ እያላበው ይመልሳል። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ተናዳለች?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ቁም ሣጥን እያስቀመጠች ነው፣ ጋሼ" አልኩት።

አልገባውም። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ፣ ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ ለካ። "አሥራ ሦስት" አለ።

"በአንተ እግር ነው። በእኔ ስንት ይመጣል?"

ቆመ። ፊቱ ላይ ነገሩ ቀስ ብሎ ሲበራ አየሁት። አባትየው ከወዲያ ማዶ "እንግዲህ እሷ መለካት ከጀመረች እኛ ምን ቀረን" ሲሉ ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጫማሽ ስንት ቁጥር ነው?" አለ ባልደረባዬ።

"ሠላሳ ስድስት።"

ወደ መስኮቱ ተመለሰና ጀርባውን አስደግፎ እንደገና፣ በትናንሽ እርምጃ፣ መለካት ጀመረ።