ደጋ ላይ ያልደረቀ ኮላ

አናጢው ኦይታ ዳልጮ ሀይሌ የእናቱን የወይዘሮ ወርቂቱን መርዶ የሰማው ሐምሌ 9 ቀን 1974 ዓ.ም. ማለዳ፣ አርባ ምንጭ በሚገኘው የአናጢዎች ማኅበር ወርክሾፕ ውስጥ ጣውላ ሲልግ ነው። መርዶውን ያመጣው የጭነት መኪና ወዲያው ተመልሶ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ደጋው ጨንቻ ስለሚወጣ፣ ለማልቀስ እንኳ ፋታ አላገኘም።

እናቱ በሕይወት ሳለች አንድ ነገር አደራ ብላው ነበር። ባሏ ሲሞት የሬሳ ሣጥኑ ምስማር ሲመታ ሰምታ፣ ድምፁ ለወራት ከጆሮዋ አልወጣም። «ለእኔ ምስማር አትምታብኝ፤ አንተ አናጢ አይደለህ? በእጅህ ግጠመኝ» አለችው። እርሱም ቃል ገባ።

ያለ ምስማር ለመግጠም ኮላ ያስፈልጋል፤ ኮላው እስኪደርቅ ደግሞ እንጨቱን አጣብቆ የሚይዝ ሞርሳ። በወርክሾፑ ከጠረጴዛው ጋር የተተከለው ሞርሳ የሚላግ እንጨት ይይዛል፤ ትንንሾቹ ማዕዘን ያጠብቃሉ፤ ጣውላን ከጣውላ ጎን ለጎን የሚያጋጥሙት ግን ባለ ሐዲዶቹ ረጃጅሞች ናቸው። እነርሱም ለዘጠኝ አናጢ አራት ብቻ ነበሩ።

«ጋሼ ሸዋንዳኝ፣ አራቱንም ስጠኝ» አለው የማኅበሩን ሊቀ መንበር። «ሞርሳው ዛሬ ማታ ትመለሳለች።»

«ሞርሳው ወንድ ናት እንዴ?» አለ ሸዋንዳኝ፣ እንደ ልማዱ በኦይታ አማርኛ እየቀለደ። ወዲያው የኦይታን ፊት አይቶ በቀልዱ አፈረ። «እግዚአብሔር ያጽናህ። ውሰድ። ነገ የትምህርት ቤት ዴስክ ሥራ ስላለብን ብቻ ማታ እንዲደርስ።»

ኦይታ ጨንቻ እንደ ደረሰ የሣጥኑን ወለል ከሦስት ጣውላ አጋጥሞ፣ አምስት ሰዓት ላይ ኮላውን ቀብቶ፣ አራቱን ሞርሳ አጠበቀ። ጉሙ ከቤቱ ጣሪያ ላይ አልተነሣም። አሥር ሰዓት ሲሆን ለቀስተኛው ተሰብስቧል፤ ወደ አርባ ምንጭ የሚመለሰው ሾፌርም ጡሩንባ እየነፋ ይጣራል። አርባ ምንጭ ላይ ለዚህ ኮላ አራት ሰዓት ይበቃዋል። ኦይታ ሞርሳውን መፍታት ጀመረ።

ታላቅ ወንድሙ ማቴዎስ ክንዱን ያዘው። «ሐምሌ ነው እኮ። እዚህ የታጠበ ልብስ ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈልጋል።»

«ይህ ልብስ አይደለም፤ ኮላ ነው።»

«አንተ የቆላ ሰው ሆነሃል» አለና ለቀቀው።

ኦይታ ሞርሳዎቹን ለሾፌሩ አስረከበ። ለሸዋንዳኝ የገባውን ቃል አክብሯል፤ ነገር ግን ሰዓት ቢመሳሰልም አየር እንደማይመሳሰል ያን ዕለት አላሰበም። ሰው የተወለደበትን ብርድ ሲረሳ እንዲህ ይሳሳታል።

አስከሬኑ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ተሸካሚዎቹ ጭቃውን ቁልቁል ሲወርዱ የሣጥኑ ወለል ተላቀቀ። በመጋጠሚያው በኩል የመግነዙ ነጭ ጨርቅ ታየ። ሴቶቹ ልቅሷቸውን አቋረጡ። ሣጥኑን ሣር ላይ አሳረፉት። ማቴዎስ ማንንም ሳይወቅስ ከጎረቤት መዶሻና ምስማር አስመጣ።

«እኔ ልምታው፤ አንተ ዞር በል» አለው።

«የለም። አደራው የእኔ ነው፤ ማፍረሱም የእኔ ይሁን።»

አሥራ አንድ ምስማር ኦይታ ራሱ መታ። በእያንዳንዱ ምት መካከል ጥቂት ይጠብቅ ነበር፤ ያም ድምፁን አላቀለለውም።

ከሐዘኑ ሲመለስ ሸዋንዳኝ ስለ ሣጥኑ ጠየቀው፤ ኦይታም አንዲት ቃል ሳይሸሽግ ነገረው። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ለሞርሳ የመመለሻ ሰዓት መወሰኑን ተወ፤ ሥራው ደርቋል የሚለው የሠራው ሰው ብቻ ሆነ። ኦይታ ዳልጮ እስከ 1983 ዓ.ም. በማኅበሩ ሠራ፤ ለጨንቻና ለገረሴ ትምህርት ቤቶች ዴስክ አበጀ፤ አራት ሰዎችን አናጢነት አስተማረ።