መምህርት ጣቢታና የእድሩ ሦስት ቁልፍ

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ሰበታ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ቤት አለኝ። ሳህሉ ሬዲዮ ብለው ቢጠይቁ የሚያሳይዎ አያጡም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያኔ ክር ፋብሪካ ውስጥ ተሸካሚ ነበርኩ፤ ልጄ የአንደኛ ክፍል መጽሐፏን ስታስቀምጥ እኔ አነሣው ነበር። የሬዲዮን ሥራም ያሳየኝ ሰው የለም። የሞተውን ፈትቼ ከሚሠራው ጋር አስተያየሁ፣ ተበላሸብኝ፣ ደግሜ ፈታሁ። እንዲህ ስለሆነ እስከ ሰባ ዓመቴ ድረስ መምህሬ ብዬ የጠራሁት ሰው አልነበረኝም። አሁን አለችኝ።

ጣቢታ ዱባለ ትባላለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። መምህር ናትና ፊት ለፊት "እርስዎ" እላታለሁ። እዚህ ግን ከልጄ ስለምታንስ እንደ ልጄ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ትፈቅድልኛለች። አባቷ ዱባለ ከወላይታ መጥቶ እኔ በነበርኩበት ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ሲሠራ ኖሯል። እጁ ሁልጊዜ ሰማያዊ ስለነበር በሩቁ አውቀዋለሁ። ልጆቹን ያሳደገው በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጣቢታም ከጎረቤት ልጆች ጋር ኦሮምኛውን አቀላጥፋ፣ ከእናቷ ጋር ወላይትኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ እየተናገረች አደገች።

ኤሌክትሮኒክስ እንዴት እንደያዛት ነግራኛለች። እዚሁ ሰበታ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር መምህሩ ዜሮና አንድ የሞላበት ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ በፈተና ቀን መልሶ ይጽፋል። ቺፕ የሚባለውን ነገር በእጇ የነካችው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። "እግር ያለው፣ ጥቁር፣ በረሮ የመሰለ ነገር ነው" አለችኝ። "ያን ሁሉ የሸመደድኩት ለዚህ በረሮ ነው እንዴ ብዬ አለቀስኩ።" ተመርቃ ዱከም አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥሩ ሥራ ይዛ ነበር። እዚህ ሰበታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምህንድስና ክፍል እንደሚከፈት ስትሰማ ያንን ትታ መጣች። እናቷ ሁለት ወር አኩርፋታለች።

እኔ ቤት የመጣችው የክፍሏ ብቸኛ መበየጃ ካውያ አልሞቅ ብሏት ነው። የተበጠሰውን ሽቦ ቀጠልኩላትና ለምን እንደምትፈልገው ጠየቅኳት። ከቦርሳዋ በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ቺፕ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አወቅኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአዳዲሶቹ ሬዲዮኖች ውስጥ ስንት ዓመት አይቻለሁ። ሲበላሽ ደንበኛውን "ይሄ አይታከምም" ብዬ እሸኘዋለሁ እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኳት።

"ማክሰኞና ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጡ፣ አብረን እናያለን" አለችኝ።

እንዲሁ ለአክብሮት ያለችው መስሎኝ ነበር። ግን ከርዕሰ መምህሩ አስፈቅዳ፣ በስም መጥሪያው ላይ አሥራ ሁለተኛ አድርጋ ጽፋኝ ጠበቀችኝ። ከአሥራ አንድ ልጆች ጋር ተቀመጥኩ። መምህር ስትገባ መነሣት ደንብ ነውና ስትገባ ተነሣሁ። ልጆቹ ተያዩ፤ ሽማግሌ ቆሞ መቀመጣቸው ስላሳፈራቸው እነሱም እየተንጠራሩ ተነሡ። ከድሩ የሚባለው፣ የባጃጅ ጠጋኝ ልጅ፣ ምላሱ ስለት ነው፤ "ጋሼ፣ እርስዎ እስከ ሰኔ ከመጡ እኛ ወታደር ሆነን መመረቃችን ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳይነሣ የቀረበት ቀን የለም።

የመጀመሪያው ትምህርት ቺፑ ውስጥ ስላለው፣ "እና" ስለሚባለው በር ነበር። አንድ ማለት ኤሌክትሪክ አለ፣ ዜሮ ማለት የለም ነው። መግቢያዎቹ ሁሉ አንድ ሲሆኑ ብቻ መውጫው አንድ ይሆናል፤ አንዱ እንኳ ዜሮ ከሆነ መውጫው ዜሮ ነው። ጣቢታ በሦስት ቋንቋ አስረዳች። ልጆቹ እሷ ራሷ በልጅነቷ እንዳደረገችው አቀርቅረው ይገለብጣሉ። እኔ እጄን አወጣሁና ይሄ የእድራችን ዕቃ ቤት አይደለም ወይ አልኩ።

የእድራችን ዕቃ ቤት ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ያለበት ቤት ነው። ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ ከሰብሳቢው፣ አንዱ ከጸሐፊው፣ አንዱ ከዕቃ ጠባቂው ዘንድ ይቀመጣል። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም፤ ማንም ብቻውን ዕቃ እንዳያወጣ ተብሎ ነው። አንድ ክረምት ሰብሳቢያችን ኦቦ ዳዲ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ቡራዩ አማቶቹ ዘንድ ሄዶ፣ ሐዘንተኛው ሁሉ ዝናብ ሲመታው ዋለ። ይህን ስናገር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ግማሾቹ በዚያ ቀን ዝናብ የመታቸው ናቸው። ጣቢታ ሠንጠረዡን አጥፍታ ሦስት ቁልፍ ሣለች፤ ከየቁልፉ ሥር ዜሮ ወይም አንድ እንዲጽፉ አዘዘች። አንድም ልጅ አልተሳሳተም። "ወይም" የሚባለውን በር ደግሞ ሚንሃ የምትባል ዝምተኛ ልጅ አመጣችው፤ ቧንቧው ቢመጣ ወይም ቦቴው ቢመጣ ባልዲው ይሞላል አለች። ከዚያ በኋላ በክፍላችን እነዚህ በሮች ስማቸው የእድር ቁልፍና ባልዲ ሆነ።

ችግሩ የመጣው ከክፍል እጥረት ነው። ከአዲስ አበባ እየለቀቀ እዚህ የሚከራየው ሰው በዝቶ፣ በሌላው ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ይቀመጣል። የወላጅ ኮሚቴው ለአሥራ አንድ ልጆች አንድ ክፍል መያዙን አልወደደም፤ ትክክልም ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢም ያው የእድሩ ኦቦ ዳዲ ነው። በግንቦት መጨረሻ ዓርብ መጥተው ሊያዩ ተቆረጠ። የሚሠራ ነገር ካዩ ክፍሉ ይቀጥላል፤ ካላዩ ይዘጋል፣ ጣቢታም ሒሳብ ወደማስተማር ትዛወራለች። እሷ ለልጆቹ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግራቸው ወደ ሥራው ገባች። የምንሠራው በሦስት ቁልፍ የሚከፈት፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተም የሚቆጥር የዕቃ ቤት መዝጊያ ነበር። ስድስት ቺፕ ይፈልጋል። ያለን ስድስት ብቻ ነው፤ እነሱንም አብራት የተማረች ጓደኛዋ ከተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ ነቅላ ነበር የላከችላት።

ዓርቡ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ቀደም ብዬ ደረስኩ። ክፍሉ ባዶ ነው። ከድሩ ሲገጣጥመው የነበረው ሥራ ጠረጴዛው ላይ ባለው፣ ሽቦ የሚሰካበት ቀዳዳ በበዛበት ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ ተሰክቷል። በቁልፍ ፈንታ የተሰኩትን ሦስት ማብሪያዎች ጫንኩ፣ መከፈቱን የምታሳየው መብራት አልበራችም። የሬዲዮ ሰው ነኝ። ሬዲዮ ድምፁ ከሰለለ የባትሪ ድንጋዩ ደክሟል ማለት ነው፤ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ታሰጣለህ፣ ካልሆነም ከውጭ ሁለት ድንጋይ ጨምረህ በላስቲክ ታስረዋለህ። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ እኔም ለሠላሳ ዓመት ይህንኑ ስመክር ኖሬያለሁ። ለሰሌዳው አምስት ቮልት የምትሰጠው ትንሽ ሣጥን አቅም አንሷት ነው አልኩ። ለትምህርቱ ይጠቅማል ብዬ ከቤት ይዤው የመጣሁት የሞተር ሳይክል ባትሪ ነበር፤ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። አገናኘሁት።

ጭስ እንኳ አልነበረም። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ ብቻ መጣ። ቺፖቹን በጣቴ ነካሁ፤ ስድስቱም ይፋጃሉ። ባትሪውን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጆቹ ገቡ፤ ጣቢታ ገባች፤ ተነሣን፤ ተቀመጥን። ሰሌዳውን ፈተሸች። አንድ ሽቦ ሳይሰካ ቀርቶ ኖሯል፣ ቀድሞም መብራቷን ያስቀረው እሱ ነው። ሰካችው፤ አሁንም የለም። ቺፖቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ሞከረች። ስድስተኛውም ሞቶ ነበር። ማን እንደነካው ጠየቀች። ሰው ሁሉ ወደ ከድሩ ዞረ፤ በመጨረሻ የሠራበት እሱ ነው፣ ቀልደኛም ነው። ከድሩ ወደ ሰሌዳው ጎንበስ አለ። ሽቦውን አለመሰካቱን አሁን ስላየ፣ ጥፋቱ የራሱ ሳይመስለው አልቀረም።

በዚህ ከተማ ውስጥ "ሳህሉ ነካው" ማለት ዳነ ማለት ነው። ያንን ስም ለመሥራት ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል። ልጁ ግን አንገቱን ደፋ፤ አንገቱን ሲደፋ ተነሣሁ።

"ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ መምህርት። አሥራ ሁለት ቮልት ሰጠሁት።"

ምንም አይደለም ጋሼ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ያቺ ቃል ብትመጣ ኖሮ ቦርሳዬን ይዤ ወጥቼ አልመለስም ነበር። ጣቢታ ጠመኔ አንሥታ ዘረጋችልኝ።

"ሌላ ተማሪ ቢሆን ሰሌዳ ፊት አቁሜ ለምን እንደተቃጠለ አስረዳ እለው ነበር" አለች። "እርስዎንም አልለይዎትም።"

ወጣሁ። በሕይወቴ ሰሌዳ ፊት ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። ቺፑ አምስት ቮልት ሊጠጣ የተሠራ መሆኑን፣ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ጻፍኩ። ስሳሳት ሚንሃ ከታች አረመችኝ። ስጨርስ ከድሩ ቀና ብሎ፣ "ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ ብናሰጣቸው ይነሡ ይሆን?" አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ሳልፈልግ።

ጣቢታ አልሳቀችም፤ እያሰበች ነበር። አንዱን የሞተ ቺፕ አንሥታ ውስጡ ያለው ምንድን ነው አለችኝ። ትራንዚስተርና ዳዮድ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፉና የሚያግዱ ነገሮች፣ አልኩ፤ ያስተማረችኝን ነው የመለስኩላት። ደቃቅ ደቃቅ፣ በመቶ የሚቆጠር።

"እርስዎ ቤት ደግሞ ትልልቁ አለ" አለች።

አለ። ከሞቱ ሬዲዮኖች እየነቀልኩ ያጠራቀምኩት ሦስት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሙሉ አለኝ። በማግስቱ ይዤው መጣሁ። ሦስት ዳዮድና ሁለት ትራንዚስተር ብቻ የእድሩን ቁልፍ እንደሚሠሩ ሰሌዳ ላይ ሣለችልን። መቁጠሪያውን ተውነው፤ ጊዜም ዕቃም አይበቃም። ልጆቹ መበየድ አያውቁም ነበር፤ ያንን እኔ አሳየኋቸው። እሷ ስሌቱን ትሠራለች፣ እኔ እጃቸውን እይዛለሁ። ከድሩ ካባቱ ጋራዥ ሦስት አሮጌ የባጃጅ ቁልፍ ከነማስገቢያው አመጣ። ሁሉንም ከመዝጊያው ጋር በአንድ ጣውላ ላይ መታነው፤ በቺፕ ቢሆን ከክብሪት ቀፎ የማይበልጠው የጣውላውን እኩሌታ ያዘ። ኃይሉን ያው የኔ የሞተር ሳይክል ባትሪ እንዲሰጥ ጣቢታ ኃይሉን የሚቀንሱትን ሬዚስተሮች ለአሥራ ሁለት ቮልት አሰላቻቸው።

ዓርብ ደረሰ። አምስት የኮሚቴ ሰዎች ገቡ። ኦቦ ዳዲ "አካም ጅርቱ" ብሎ ሰላምታ ሰጠን፣ እኔን ከተማሪው መካከል ሲያይ ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ ቀረ። ጣቢታ አጭር ነገር ተናግራ ሦስቱን ቁልፍ ለሦስት ሰው አደለች፤ አንዱን ለኦቦ ዳዲ። አንደኛው ሰው አዞረ፤ ምንም። ሁለተኛው አዞረ፤ ምንም። ኦቦ ዳዲ ሲያዞር መዝጊያው ቀጭ ብሎ ተከፈተ፤ ቀይ የባጃጅ መብራትም በራ። ኦቦ ዳዲ የሚታለል ሰው አይደለም። ቁልፉን መልሶ ነቀለ፤ ጠፋ። የራሱን መልሶ ሰክቶ ሁለቱን ሰዎች በየተራ አስነቀላቸው፤ ጠፋ። ጣውላውን ገልብጦ ሥሩን አየ።

"እኔ ቡራዩ ብሄድስ?"

"አይከፈትም፣ ኦቦ ዳዲ" አለች ጣቢታ።

"እንግዲያው በሚገባ አውቆኛል" አለና ልጆቹ እስኪስቁ ጠበቀ። ከዚያ ማን እንደሠራው ጠየቀ። ጣቢታ በስም ጠራችን፣ አሥራ ሁለታችንንም፣ በመጥሪያው ቅደም ተከተል። የተቃጠሉትንም ስድስት ቺፖች በብርማ ወረቀት ላይ አሳየችው፤ ምን እንደነበሩ፣ ለምን ዳዮድ እንደተጠቀምን ነገረችው። የማን ጥፋት እንደሆነ ግን እንድናገር ለእኔ ተወችልኝ። ተናገርኩ። ኦቦ ዳዲ ከቺፖቹ ቀና አለ። "ሳህሉ በሰባ ዓመቱ የሚሳሳትበትና የሚታረምበት ክፍል ከሆነ ልጆቹን ከዚያ አላወጣም" ብሎ ወደ ኮሚቴው ዞረ። ጣቢታንም ገለቶማ ብሎ አመስግኖ በሁለት እጁ ጨበጣት።

ክፍሉ ሳይዘጋ ቀጠለ። በዓመቱ ሃያ ስድስት ልጆች ተመዘገቡ።

ሰኔ ላይ ውጤት ስትሰጥ ለእኔም እንደሌላው ሁሉ ወረቀት ሰጠችኝ። ከሃያ አሥራ አራት። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ስድስት ቺፕ፣ ስድስት ነጥብ። ሰሌዳው ፊት ያስረዱት ሙሉ ነው።" ከድሩ አሥራ ስድስት አግኝቶ እስከ መንገዱ ድረስ ሲኮራብኝ ሄደ፤ ዝም አልኩት፣ ይገባዋል። ወረቀቱን ቤቴ ውስጥ ከንግድ ፈቃዴ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። አሁን ቺፕ ያለበት ሬዲዮ ሲመጣልኝ አይታከምም አልልም። መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ቮልት እንደሰጡት ነው።