አራቱ ተሸካሚዎች

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ውስጥ ቤት ስቀይር ከአንድ ካርቶን ሥር ቀጭን ጥራዝ አገኘሁ። ፎቶ ኮፒ ነው። ሽፋኑ ላይ «የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ለጀማሪዎች» ይላል፤ ዳር ዳሩ በላብ ርሶ የደረቀ ስለሆነ ተሸብሽቧል። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የሸተተኝ ወረቀት አይደለም፤ የማሽላ ጆንያ ነው። ዕቃ ማውጣቱን ትቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጊዜ ካለህ ልንገርህ።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መርሳ አሥራ አንደኛ ክፍል። ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ስልክና መብራት ጠፋ፣ ወደ ወልድያም ወደ ደሴም የሚሄድ መኪና ቀረ። ከጎልማሳው ግማሹ ዘምቷል፣ ግማሹ ሸሽቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወልድያ እየመጡ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስጠኑን መምህር መንገዱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ጥራዙን እጄ ላይ አስቀምጠው «እስክመለስ አንቺ አስጠኚያቸው» አሉኝ። እኔን ነው? ከክፍል አንደኛ የምወጣ፣ ሳልጠየቅ የምመልስ ልጅ ነበርኩ። እንዲያውም «ለጀማሪዎች» የሚለው ቃል ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

እያንዳንዱ ትምህርት ሦስት ጥያቄ አለው። ምን ይላል? ምን ማለት ነው? እኔስ ምን ላድርግ? የሁለቱ መልስ ከጥራዙ መጨረሻ ታትሟል። ሦስተኛው መልስ የለውም፤ ሦስት ባዶ መስመር ብቻ ነው የተተወለት። እኔ ያንን ባዶ ቦታ የምሞላው ከሁሉም ቀድሜ ነበር። «እጸልያለሁ» እላለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት «እበረታለሁ»፤ ከዚያ «የታመሙትን እጠይቃለሁ»። የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር፤ ዛሬም ገልጬ ሳየው ያምራል።

ተማሪዎቼ ሦስት ነበሩ። አንዷ የክፍል ጓደኛዬ ናት። ሁለተኛው ባንኩ ከተዘጋ ወዲህ የሚጠብቁት ያጡ የባንክ ጥበቃ፣ ሦስተኛዋ ጎረቤታችን እማማ፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን የሚያመልጣቸው ነገር የለም። የምንሰበሰበው በአከራያችን በሐጂ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ሐጂ በሩ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ስንጨርስ ጥራዙን ተቀብለው በማሽላው ጆንያ ሥር የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው። አንድ ሰው እንዴት መጋዘንዎን ለእነዚህ ሰጡ ቢላቸው «የፈጣሪን ነገር ነው የሚያወሩ፤ እህሌን አይበሉብኝ» አሉት።

ያ ቅዳሜ ትምህርት አራት ነበር፤ ሽባው ሰው። አራት ሰዎች በአልጋው ተሸክመውት መጡ፣ ሕዝቡ በሩን ስለሞላው ጣራውን ነድለው ኢየሱስ ፊት አወረዱት፣ ሰውየውም ተነሥቶ አልጋውን ይዞ ሄደ። ጥያቄው ኢየሱስ ያየው የማንን እምነት ነው የሚል ነው። እኔ መልሱን ሳላይ «የበሽተኛውን» አልኩ።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እሱማ ተኝቷል። የተሸካሚዎቹን ነው እንጂ» አሉ።

ጥራዙን ገልብጬ አየሁ። እማማ ልክ ነበሩ። «እንዲህም ሊባል ይችላል» ብዬ አለፍኩ። ጓደኛዬ ሳቋን በመዳፏ ስትሸፍን አይቻታለሁ።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ሳንደርስ ሐጂ ከበሩ ተነሥተው ገቡ። ጥናት መካከል ገብተው አያውቁም። ምራታቸው ከትናንት ጧት ጀምሮ ምጥ ላይ ነበረች። ባሏ፣ ማለትም የሐጂ ልጅ፣ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ እንደሄደ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። ጤና ጣቢያው ባዶ ነው፤ አዋላጇ ነርስ ግራና በምትባለው ጎረቤት ከተማ ወላጆቿ ቤት ገብታለች። እንዲህ ባለ ቀን የሚደርሰው ቅሬ ነው፤ ለቀብርም ለበሽተኛም ሙስሊሙ ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚቆምበት የሰፈር ማኅበራችን። የቅሬው ወንዶች ግን አልነበሩም።

«ቃሬዛው አለ። ትከሻ ነው የጠፋው» አሉ ሐጂ።

ጥበቃው ወዲያው ተነሡ። ሐጂ ራሳቸው አንድ ናቸው። ሁለት ትከሻ ይጎድላል። እኔና ጓደኛዬ ተያየን፤ በእኛ አገር ሴት ቃሬዛ ተሸክማ አታውቅም። ባዶዎቹን ሦስት መስመሮች አየሁና ጥራዙን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት። «እኛ እንሸከማለን» አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን ጨመርኩበት።

«አይዞዎት ሐጂ፣ ሁለቱም በደኅና ይመለሳሉ። እዚህ ታሪክ ላይ ሰውየው ተነሥቶ ነው የሄደው።»

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። «ኢንሻ አላህ በይ ልጄ።»

«አይጠራጠሩ» አልኳቸው።

ቃሬዛው በጠፍር የተጠለፉ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናዎች ነበር። ምራታቸውን በጋቢ ጠቅልለን አስተኛናት። ከእኔ ብትበልጥ በሦስት ዓመት ነው፤ በርበሬ ስታስፈጭ ወፍጮ ቤት ወረፋ የምትይዝልኝ ልጅ ናት። ሐጂ ቦታ ደለደሉን፤ ሽቅብ ሲሆን አጭር ከፊት፣ ቁልቁል ሲሆን አጭር ከኋላ፣ ጠርዙ ትከሻ ላይ እንጂ አንገት ላይ አይረፍ። እማማ ውኃ በጀሪካን ይዘው ከጎን ጎን ይሄዳሉ። ከከተማው ስንወጣ አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር ቆመው «ዛሬስ ሴት ቃሬዛ ስትሸከም አየሁ» አሉ። እማማ ሳይቆሙ «ወንዱን ያምጡልንና እንተውልዎ» አሏቸው። ሽማግሌው በትራቸውን ጥለው ጥበቃውን እስከ ድልድዩ ድረስ ተክተው ተሸከሙ።

ድልድዩ ላይ ታጣቂዎች አስቆሙን። አንዱ ጋቢውን ገለጥ አደረገ፣ ፊቷን አየ፣ መልሶ ሸፈነና በእጁ ሂዱ አለን። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ ከቁመታችን በላይ፤ የአገዳው ጣፋጭ ሽታ ከአቧራው ጋር ጉሮሮ ይይዛል። ምጡ ሲመጣባት አጣናው እጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ሐጂ ከኋላ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያሉ ያጽናኗታል። እኔ ደግሞ በልቤ እርግጠኛ ነበርኩ። እርግጠኛ ስለነበርኩም አልደከመኝም፤ ይህን ዛሬም አልክደውም።

አዋላጇን አባቷ ግቢ ውስጥ ማሾ ስትለቅም አገኘናት። ሰፌዱን አስቀምጣ እጇን እየታጠበች «አስገቧት» ብቻ አለች። እማማ አብረዋት ገቡ። እኛ አንድ ሎሚ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የእናትየዋ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ቆመ። ጓደኛዬ እጄን ያዘችኝ። ሌላ ድምፅ፣ ቀጭን ድምፅ፣ ጠበቅን። ከጎረቤት ዶሮ ጮኸ። ከቤቱ ግን አልመጣም።

አዋላጇ ወጣች። «እናትየዋ ተርፋለች። ትንሽ ብትዘገዩ እሷንም አላገኛትም ነበር» አለች። ስለ ልጁ አልተናገረችም፤ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ሐጂ «አልሃምዱሊላህ» አሉ፤ ቀጥሎም መሬት ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ።

የግራና ሰዎች ቦታ ሰጡን። ጥበቃው ቆፈሩ፣ ሐጂ በሁለት እጃቸው አወረዱት። ወንድ ልጅ ነበር። ሁሉ ሲያልቅ ሐጂ ብቻቸውን እስኪሆኑ ጠብቄ ሄድኩ። ሁለቱም ይመለሳሉ ብዬ ነበር፤ አይጠራጠሩ ብዬ ነበር።

«ሐጂ፣ ዋሽቼዎታለሁ።»

«አልዋሸሽም። ቸኮልሽ» አሉኝ። «አብሽሪ» ብለውም ጨመሩልኝ፤ ለእሷ በሚሉበት ድምፅ።

አሁን እኔም ቅዳሜ ጀማሪዎችን አስጠናለሁ፤ መምህራችን ሌላ አገር ገብተው ቀሩ። እንደ ያኔዬ ፈጣን ልጅ አትጠፋም። ብዕሯን አንሥታ ሦስተኛውን ጥያቄ ልትሞላ ስትል «ቆዪ» እላታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ከቀብሩ በማግሥቱ ጧት ወደ መርሳ ተመለስን። የግራና ጎረምሶች ሊሸከሙልን መጡ፤ ሐጂና ጥበቃው ቦታቸውን እየለቀቁ ተራ በተራ አረፉ፣ ጓደኛዬም አረፈች። እኔ እምቢ አልኩ። ብርታት አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። ከፊት በኩል ያለውን ጠርዝ የያዝኩትም ጀርባዬን ሰጥቻት ፊቷን እንዳላይ ብዬ ነው። የትናንቱ ቁስል ተልጦ ቀሚሴ ትከሻዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ማሽላው መካከል ስንደርስ «አውርዱኝ» አለች። ከወለደች ወዲህ ድምፅ ስታሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ያመማት መስሎን ደንግጠን አወረድናት።

«አንቺ፣ ከፊት ያለሽው» አለችኝ። «ነይ እስቲ።»

ሄጄ ጎኗ ተንበረከክሁ። ፊቷን አየሁት፤ ዓይኗ አብጧል። ከራስጌዋ አራት ላይ የታጠፈ ነጭ ስስ ጨርቅ አወጣች፤ ሕፃን የሚታቀፍበት። ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ ቀሚሴን ገለል አድርጋ ቁስሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ለሱ ያጠብኩት ነው። ንጹሕ ነው» አለችኝ።

ሐጂ «ቢስሚላህ» አሉ፣ አራታችንም ተነሣን። ጨርቁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እስከ መርሳ ድረስ እያለቀስኩ ተሸከምኳት።