ወገብ የተባለው ማሕፀን

አንዲት ወጣት እናት ከጤና ጣቢያ «የወገብ ሕመም» ተብላ ተላከችና አጥንት ክፍል ወረፋ ስትጠብቅ አረፈደች። በመጨረሻ የማሕፀን ሐኪም ወደሆንኩት ወደ እኔ አመጧት። ከወለደች በኋላ ማሕፀኗ ተንሸራትቷል። የላካት ባለሙያ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ቃሉን መጻፍ አሳፍሮት ነው።

ሓወልቲ አዳራሽ፣ ሕመሞች በየጤና ጣቢያው በምን ስም እንደሚጻፉ ለመወሰን ስንሰበሰብ፣ የዚህ ሕመም ተራ ሲደርስ አንድ ባልደረባዬ «ስሙን ትንሽ ሸፈን ብናደርገው» አለ።

«ስለሸፈንነው ነው አጥንት ክፍል ያረፈደችው!» ብዬ አምባረቅኩበት። በየጤና ጣቢያው «የማሕፀን መንሸራተት» ተብሎ እንዲጻፍ አስወሰንኩ።

ሴትየዋ ለቀጠሮ ስትመለስ እናቷን ይዛ መጣች። ሕመሟን በስሙ ጠርቼ አስረዳኋት። እናትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ሰሙኝ። ስጨርስ ተነሥተው በሩን ዘጉና «ጓለይ፣ ልጄ፣ እኔንም እይኝ» አሉኝ።